ለትንሽ የጀነሬተርና የፓምፕ ሱቅ ስንት ብራንድ ይበቃል?

ተክለ ሃይማኖትም ይሁን መርካቶ ጀነሬተር፣ የውሃ ፓምፕና የእጅ ማሽን የሚሸጥ ሱቅ ሊከፍት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ብራንድ ይሸጣል?" ብሎ ነው። ሁሉም ይሸጣል። ዋጋው የወረደና ካርቶኑ ያማረ ማሽን ገዢ አያጣም። ጣጣው የሚመጣው ደንበኛው ከሦስት ወር በኋላ ማሽኑን አስጭኖ ሲመለስ ነው። ያን ቀን ዕቃውን ከመሳቢያ አውጥታችሁ የምትገጥሙለት ከሆነ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። ካልሆነ ሰፈሩን በሙሉ ያስቀይማችኋል። ስለዚህ በእኔ እምነት ብራንድ የሚመረጠው ከመለዋወጫው ተነስቶ ነው፤ ለትንሽ ሱቅ ደግሞ በጀነሬተር ሁለት ስም ይበቃል።

ከስሙ በፊት ሞተሩን እዩ። ገበያ ላይ ያሉት አነስተኛ የቤንዚን ጀነሬተሮችና ፓምፖች ስማቸው ብዙ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ከሥር ሲገለጡ ወይ ሆንዳ ናቸው ወይ የሆንዳን ዲዛይን የተከተሉ የቻይና ሞተሮች። የሆንዳ ጂኤክስ 160 የሲሊንደሩ ስፋት 68 ሚሊ ሜትር፣ ሞተሩ 163 ሲሲ ነው፤ 168ኤፍ የሚባለው የቻይና ሞተር የዚያ ቅጂ ነው። 188ኤፍ የጂኤክስ 390 መንትያ ነው፣ 88 ሚሊ ሜትር። በናፍጣ በኩል 178ኤፍና 186ኤፍ የያንማርን ኤል ተከታታይ የተከተሉ ናቸው። የምትይዙት ብራንድ ከነዚህ ቤተሰቦች ከሆነ ካርቡሬተሩ፣ ካንዴላው፣ የማስነሻ ገመዱና ጓርኒሲዮኑ (በክፍሎቹ መጋጠሚያ የሚገባው ማሸጊያ) በየሱቁ ይገኛል። ሎንሲን፣ ሊፋንና ዞንግሼን የራሳቸውን ሞተር የሚሠሩ ፋብሪካዎች ናቸው። ከነሱ የሚመጣው ዕቃ ይዘቱ የታወቀ ነው። መራቅ ያለባችሁ ስሙ አንድ ሆኖ ውስጡ በየኮንቴይነሩ ከሚለዋወጥ ዕቃ ነው። ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የ168ኤፍ ፒስተን 70 ሚሊ ሜትር በሆነው 170ኤፍ አይገባም። ሙሉ ሞተር ስትቀይሩም ዘንጉን ለኩ፤ የጀነሬተሩ ጫፉ የሾጠጠ ነው፣ የፓምፑ ጥርስ የወጣለት ነው፣ የአፈር መጠቅጠቂያው (የኮምፓክተሩ) ደግሞ ቀጥ ያለ ባለ ቁልፍ።

አሁን ወደ ከፍታው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ኪሎዋት ግን እዚህ የተለካ አይደለም። ሆንዳ በመመሪያው በየ300 ሜትሩ ጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይናገራል። ስታሰሉት 27 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ 3 ኪሎዋት ተብሎ የሚሸጥ ጀነሬተር እዚህ 2.2 ከሰጠ ተመስገን ነው። በዚያ ላይ ተለጣፊው በትልቁ የሚጽፈው ለጥቂት ደቂቃ የሚችለውን ነው፤ ዘላቂው ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ነው ያለው። ደንበኛው "ምጣድ ያነሳል?" ብሎ ሲጠይቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት እንደሚፈልግ ነግራችሁ አያነሳም በሉት። ሽያጩ ቢቀርም ከተቃጠለ ዲናሞ (ኤሌክትሪክ አመንጪው ክፍል) ይሻላል።

ናሙና ሳትፈትኑ ውል አትፈርሙ። ዘይት ሙሉ፤ 168ኤፍ 0.6 ሊትር ያህል ይወስዳል፣ 10ደብሊው-30 ይሁን፣ ብዙዎቹ ከካርቶን የሚወጡት ያለ ዘይት ነው። 20 ደቂቃ ያለ ጭነት ይሥራ። ከዚያ 1 ኪሎዋት የሚወስድ ምድጃ ሰኩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። መልቲሜትራችሁ ሄርትዝ የሚለካ ይሁን። ያለ ጭነት 52 አካባቢ ይቆማል፤ ጭነት ሲገባ ከ49 በታች ከወረደና ቮልቱም ከ200 ካነሰ ማሽኑ ለዚህ ከተማ ደካማ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ አቀዝቅዛችሁ ካንዴላውን ፍቱት። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ ለዚህ ስስ አየር በዝቷል ማለት ነው፤ መድኃኒቱ አነስ ያለ ጂግለር (ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) ነው። አስመጪው ጂግለሩን ማቅረብ ይችል እንደሆነ ጠይቁ። ጂግለሩ የተቀየረለትን ማሽን አፋር ወይም ጋምቤላ ለሚወስድ ሰው ስትሸጡ ግን የፊተኛውን ጂግለር መልሱበት፤ ቆላ ላይ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግሎ ፒስተኑን ያበላሻል።

የዲናሞው ሽቦ መዳብ ይሁን አሉሚኒየም በዓይን አይለይም፤ አሉሚኒየሙም ቀይ ቫርኒሽ ተቀብቶ ይመጣል። የኋላ ክዳኑን ክፈቱና የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ትንሽ ፋቁት። ከሥር ነጭ ካበራ አሉሚኒየም ነው። መክፈት ካልፈቀዱላችሁ ተመሳሳይ ኪሎዋት ያላቸውን ሁለቱን መዝኑ፤ መዳቡ በግልጽ ይከብዳል። አሉሚኒየም መሸጥ ነውር አይደለም፣ በዋጋው ከሆነ። ነውሩ በመዳብ ዋጋ መሸጡ ነው። የተቃጠለ አሉሚኒየም ዲናሞ እንደገና ማስጠምጠም ብዙ ጊዜ ከዋጋው ጋር አይመጣጠንም፤ ይህን ለደንበኛው ቀድማችሁ ንገሩት።

አስመጪውን የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። ገና ስለ ማሽን ሳታወሩ አንድ የማስነሻ ስፕሪንግና አንድ ኤቪአር (የጀነሬተሩን ቮልት የሚያስተካክለው ዕቃ) በደረሰኝ ይሽጥላችሁ። መጋዘነኛው ከመደርደሪያ ካወረደ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ወደ ኋላ ገብቶ ከአዲስ ማሽን ላይ ሲፈታ ካያችሁት አመስግናችሁ ውጡ። ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ በዋስትና ጊዜ የጥገናውን እጅ ዋጋ ማን እንደሚከፍል፣ ዕቃው በስንት ቀን እንደሚደርስ፣ አስመጪው ራሱ ለእናንተ በሚሰጠው ዋጋ በችርቻሮ እንደማይሸጥ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ኋላ ከገዙበት መጋዘን ጋር ይሻማሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የተሰጠ ዋጋ ለስንት ቀን እንደሚጸና አብሮ መጻፍ አለበት። እናንተም የምትሸጡት በገዛችሁበት ሒሳብ ሳይሆን መልሳችሁ በምትገዙበት ነው።

ፓምፕ ላይ የከፍታው ነገር ይብሳል። በባሕር ጠለል አየር ውሃን የሚገፋው እስከ 10.3 ሜትር ነው፣ እዚህ 7.8 ገደማ። የቧንቧው ሰበቃና ባልቦላው ሲቀነስ በተግባር 5 ሜትር ነው የምታምኑት፤ ካርቶኑ ግን 8 ይላል። ጉድጓዱ 7 ሜትር የሆነ ደንበኛ የትኛውንም ብራንድ ቢወስድ "አይስብም" ብሎ ይመልሳል፣ ጥፋቱም የፓምፑ አይደለም። ለእሱ ሰብመርሲብል (ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ) ሽጡለት። ከምድር ታንከር ጣሪያ ላይ ወዳለው ሮቶ ለመግፋት ፔድሮሎ ፒኬኤም 60 ወይም ኪዩቢ60 የሚባሉት ቅጂዎቹ የታወቁ ናቸው፦ 0.37 ኪሎዋት፣ ቢበዛ 40 ሜትር ከፍታና በደቂቃ 40 ሊትር። ውሃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የሚገድላቸው ደረቅ መሥራት ነው፤ በዘንጉ በኩል ውሃ የሚያግደው ማሸጊያ፣ ሲል የሚባለው፣ ይቃጠልና ማፍሰስ ይጀምራል። ሰንብቶ የቆመ ፓምፕ ሲሰካ "እምምም" ብሎ ካልዞረ አጥፉትና ከፋኑ በኩል ዘንጉን በካቻቢቴ አዙሩት፤ ውሃውን የሚገፋው ክንፍ (ኢምፔለሩ) በዝገት ወይም በጨው ነክሶ ነው። ዘንጉ በነፃ እየዞረ ካልተነሳ ካፓሲተሩን ቀይሩ፣ 10 ማይክሮፋራድ። ሲልና ካፓሲተር የማይሸጥለትን ፓምፕ አትያዙ።

የእንጨት መቁረጫ ሰንሰለት መጋዝ መሐል ከተማ ብዙ ገዢ የለውም። ከያዛችሁ ስቲልን ወይም ሀስክቫርናን፣ አንዱን ብቻ፤ የሰንሰለታቸው ውፍረት ስለሚለያይ ሁለት ዓይነት ዕቃ ያስከማቻችኋል። በግራይንደርና ድሪል አንድ ውድ፣ ቦሽ ወይም ማኪታ፣ አንድ ርካሽ፣ ኢንግኮ ወይም ቶታል፤ አርማቸሩ (የሚዞረው ጥምጥም) እና ካርቦኑ ለየብቻ መገኘቱን አረጋግጡ። 950 የምትባለዋን ባለ ሁለት ምት ጀነሬተር ባልይዛት እመርጣለሁ። ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት መቀላቀል አለበት፤ ገዢው ግን ዘይቱን ይዘልና ፒስተኑ ሲነክስ ሻጩን ይከሳል። ለዋይፋይ፣ ለካሽ ሬጅስተርና ለጥቂት አምፖል ብቻ የሚፈልግ ካፌ ከመጣ ጀነሬተር አትሽጡለት። 300 ዋት ጭነት በ100 አምፔር ሰዓት ባለ 12 ቮልት ባትሪና ኢንቨርተር ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ከፍታውም አይነካው።

ለመጀመሪያው ትእዛዝ ከካፒታሉ 15 በመቶውን ለመለዋወጫ ለዩ። ለ10 የ168ኤፍ ቤተሰብ ማሽን 20 ካንዴላ፣ 10 የማስነሻ ገመድ፣ 5 የአየር ፊልትሮ፣ 4 ካርቡሬተር፣ 3 ኤቪአር፣ 4 ጥንድ የዲናሞ ካርቦን፣ 2 ሙሉ ጓርኒሲዮንና 1 ፒስተን ከነፋሻው (ከነቀለበቱ) ይበቃል። ዘይቱን ከማሽኑ ጋር አብራችሁ ሽጡ፤ ሱቁ ውስጥ ሞልታችሁ አስነስታችሁ ካላስረከባችሁት ደረቅ አስነስቶ የሚመልስ አይጠፋም።