ሰዓቴን አምኜ ያስፈረስኩት ቀዳዳ

ሐዋሳ ላይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ መጋቢት 30 ገደማ እና ነሐሴ መጨረሻ። የነሐሴዋን ደመና ይበላታል። ለመጋቢቷ ብዬ ታቦር ተራራ ሥር፣ አክስቴ ጓሮ፣ መስኮት የሌላት ክብ የድንጋይ ክፍል አስገነባሁ። ሶሌታው መሀል አንድ ቀዳዳ፣ ወለሉ መሀል አንድ ጥቁር ድንጋይ። ልቤን የቀሰቀሰው የአሜሪካዊቷ አርቲስት የናንሲ ሆልት ሥራ ነው፤ ዩታ በረሃ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የጨረሰቻቸው አራት የኮንክሪት ቱቦዎች፣ ፀሐይ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን ስትወጣና ስትገባ የሚያሳዩ።

ፈቃዱ ቀላል ነበር። ቅጹ ላይ ለኪነ ጥበብ ቦታ ስለሌለ «መጋዘን» አልኩት። ቀዳዳውን በመስታወት ክደነው ያሉኝንም አልሰማሁም፤ ዝናቡም ይግባ።

ጉዱ የመጣው በምረቃው ቀን ነው። ቀኑን አጣርቼ ሰዓቱን ከራሴ አመጣሁ፤ እኩለ ቀን ማለት ስድስት ሰዓት አይደል? እንግዳ ጠራሁ፣ ቡና ተፈላ፣ አንድ ባለሥልጣንም መጡ። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ብርሃኑ ከድንጋዩ ወደ ምዕራብ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ አረፈ።

ግንበኛው ላይ ጮህኩባቸው፤ ያውም ሰው ፊት። «ልጄ፣ በቱምቢ ነው የለካሁት» አሉ። አልሰማሁም። መሮ ይዘው ወጡና የቀዳዳውን ምሥራቅ ጠርዝ ፈለጡት። ባለሥልጣኑ ወለሉን አንዴ እንኳ ሳያዩ ስለ ቱሪዝም ንግግር አድርገው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ስድስት ሰዓት ከ28 ላይ ብርሃኑ ራሱ ተንሸራቶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ክብ መሆን የነበረበት፣ በአንድ በኩል እንደተቀደደ ኪስ ተንዘርፍጦ።

ሰዓታችን የሚቆጥረው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ሐዋሳ ያለችው ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ 38.5 አካባቢ፤ ስለዚህ ፀሐይ ዘግይታ ትደርስባታለች። ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ብትሉ 26 ይመጣል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ፀሐይዋ ራሷ ሁለት ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ይህን ለማወቅ ስልክም አያስፈልግ። ከሳምንት በፊት ግቢ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከሉና ጥላው መቼ ከሁሉ እንደሚያጥር ተመልከቱ። እኔ ግን ጠዋት ጠዋት መጥቼ፣ የሠራተኛ ምሳ ሳይደርስ እሄድ ነበር።

ከግንበኛው ሂሳብ 500 ብር ቆርጬ ነበር። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ መለስኩላቸው። አንድ በአንድ፣ ፊቴ ቆጥረው ተቀበሉኝ።