መሪው የሚንቀጠቀጠው መቼ ነው?

ሰሞኑን የመኪናዬ መሪ ሰላም ነስቶኝ ነበር። ቀስ ብዬ ስነዳ ምንም የለም። ፍጥነቴ 80 አካባቢ ሲደርስ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። 100 ላይ እጄን ያደነዝዘዋል። ከዚያ በላይ ስጨምር ደግሞ ትንሽ ጋብ ይላል።

ለወዳጆቼ ሳወራ መልስ ያልነበረው ሰው የለም። አንዱ «አላይመንት አሠራ» አለኝ፤ የጎማዎቹን አቅጣጫ አስተካክል ማለቱ ነው። ሌላው «ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው»፣ ሌላው «የፍሬኑን ዲስክ ቀይር»። «መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ለእኔ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። መሪ ዝም ብሎ አይንቀጠቀጥም፤ ሰዓቱን ጠብቆ ነው። ሰዓቱን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት መኪናዋን ላዳምጣት ወሰንኩ።

መንገዱ ጭር ሲል ወጣሁ። መጀመሪያ ፍሬን። ከፍጥነት ላይ ለስለስ አድርጌ ያዝኩ። ንዝረቱ አልባሰም። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ የፊት ዲስኮችን እጠረጥር ነበር። የዲስክ ውፍረት ዙሪያውን እኩል ካልሆነ መሪ ላይ ይሰማል፤ ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ቢሆን እንኳ።

ቀጥሎ ነዳጅ። ረገጥኩ፣ ለቀቅኩ። ያው ነው። ስረግጥ መጥቶ ስለቅ የሚጠፋ ቢሆን ዓይኔ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ፣ ሴሚያሱ ላይ ነበር የሚያርፈው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስታጠፍ የሚለዋወጥ ጉርምርምታም የለም፤ ኩሽኔታውን ተውኩት። ወደ አንድ ጎንም አትጎትትም። አላይመንት እንዲያው ስሙ ይነሳል እንጂ መዛባቱ መኪና ያስጎትታል፣ ጎማ ያስበላል፤ በራሱ መሪ አያንቀጠቅጥም።

የቀረው የሚሽከረከረው ነገር ነው፤ ጎማ። ንዝረቱ መሪ ላይ ከተሰማ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ ነው፤ ወንበርና ወለል ላይ ከሆነ የኋላው። 100 ላይ የትንሽ መኪና ጎማ በሰከንድ 14 ወይም 15 ጊዜ ይዞራል። ጎማው የሚገጠምበት ብረት፣ ቸርኬው፣ ጠርዝ ላይ የ20 ግራም የክብደት መዛባት ቢኖር፣ በዚያ ፍጥነት ጎማውን የሚጎትተው ጉልበት 3 ኪሎ ያህል ይሆናል። ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገረመኝ። ያቺ ክብደቱን የምታመጣጥን ትንሽ የእርሳስ ብረት ቸርኬ ላይ የምትለጠፈው ለዚህ ነው።

ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ የፊቶቹን ባላንስ አስደረግኩ። የአንዱ ቸርኬ ውስጡ የደረቀ ጭቃ ተጋግሮበት ነበር፤ ታጠበ። ንዝረቱ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። «ወንድሜ፣ ባላንሱ ዜሮ ነው፤ ሌላ ነገር ፈልግ» አለኝ ልጁ። ማሽኑም ያሳየው ዜሮ ነበር። የእኔ ልብ ግን አሁንም ጎማው ላይ ነው። የፊቶቹን ወደ ኋላ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አዛወርኩ። መሪው ጸጥ አለ። ንዝረቱ ወንበሬ ሥር ብቅ አለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከጎማው ጋር አብሮ ሄዷል ማለት ነው።

ደልዳላ ቦታ አቆምኳት። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አግጄ የኋላውን በክሪክ አነሳሁና በመቆሚያ ደገፍኩት። የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። አንድ ካቻቪቴ ድንጋይ ላይ አስደግፌ ጫፉን ከጎማው ጥርስ ትንሽ አራቅኩት። ከዚያ ጎማውን በእጄ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጎማው ከፍ ብሎ ጫፉን ፈግፍጎ አለፈ። ደግሜ አዞርኩ። እዚያው ቦታ ላይ ነካ። በጠመኔ ምልክት አድርጌ መዳፌን አሳለፍኩበት። ከቆዳ ሥር እንዳለ እባጭ ጉብ ብሏል። ውስጡ ያለው የሽቦ ንጣፍ ከጎማው መላቀቅ ጀምሯል።

ልጁም ማሽኑም አልዋሹም። የተለመደው የባላንስ ማሽን የሚለካው ክብደት በዙሪያው እንዴት እንደተከፋፈለ ነው፤ ጎማው ክብ ይሁን አይሁን አይነግርህም። ያበጠ ጎማ ዜሮ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ብዙ አሽከርካሪ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ጎማ የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። አይጠገንም። እዚያው ፈትቼ መጠባበቂያ ጎማውን፣ ስኮርታውን፣ አሰርኩ።

አዲሶቹን ጥንድ ሳስገባ ያልተቻኮልኩበት ነገር አስተሳሰሩ ነው። ቸርኬው የሚቀመጥበትን ገጽ በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ ዝገቱን አነሳሁ። ዳዶዎቹን በአየር መፍቻ እንዳያጠብቃቸው ልጁን ለመንኩት። በእጅ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅን፣ በየደረጃው አጠበቅናቸው። የመጨረሻውን ልክ አምራቹ በመመሪያው ባስቀመጠው ቁጥር፣ ጉልበት በሚለካው መፍቻ ጨረስነው። አንዱ ዳዶ በጣም ጠብቆ ሌላው ላላ ካለ ዲስኩ ይጣመማል። ከዚያ ፍሬን ስትይዝ የሚመጣው ንዝረት ከወራት በኋላ ይጀምርና ምክንያቱን የሚያስታውስ አይኖርም።

አሁን 80ም 100ም ላይ መሪው አይንቀጠቀጥም። ቅዳሜ ከሥሯ ገብቼ የመሪ መጋጠሚያዎቹንና ብረቶቹ መካከል የሚገቡትን ጎማዎች፣ ቦኮላዎቹን፣ አያለሁ። እነሱ ከላሉ ትንሹን ንዝረት ያጎሉታል። ያ ጎማ ያን ሁሉ ጊዜ ሲደበድባቸው ቆይቷልና ሳላያቸው ልቤ አያርፍም።