ያጠብኩት አንበሳ ቀንድ አወጣ

ጃፓን፣ ናጎያ ከተማ፣ ኦሱ ካኖን ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ በየወሩ በ18 እና በ28 የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። በጠዋት ሄድኩ፣ ተከራከርኩ፣ መቅደስ እንዲጠብቁ የሚቀመጡ ጥንድ የሸክላ አንበሳ በ38 ሺህ የን ገዛሁ። ቁመታቸው ስንዝር ቢሆን ነው። ሻጩ «የሴቶ ሥራ ነው፣ የኤዶ ዘመን» አለኝ፤ ሴቶ የሸክላ ሥራ ከተማ ናት፣ የኤዶ ዘመን ደግሞ ከ1603 እስከ 1868 ያለው ነው። እስከዚህ ቀላል ነበር።

መከራዬ የጀመረው ሳፋው ላይ ነው።

ሻጩ «ለብ ባለ ውሃ እጠበው» ብሎኛል። እኔ ግን ለብ ያለው መች በቃኝ! ሙቅ ውሃ ሞላሁ፣ በረኪና ጠብ አደረግኩበት፣ ሁለቱንም ነከርኩና ቡና ላፈላ ሄድኩ። ስመለስ ውሃው ነጭ ሆኗል። አፉን የከፈተው ደህና ነው። አፉን የገጠመው ግን አናቱ ለስላሳ ሆኗል። በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረፈረ። ለካ ጄሶ ኖሯል፣ ቀለም የተቀባ። ከሥሩ የጣት ጫፍ የምታህል ሻካራ ስብራት ወጣች።

«ሰበርኩት» ብዬ ራሴን ስረግም አመሸሁ። በማግስቱ በደንብ ሳየው የስብራቱ ጠርዝ ጠቁሯል። የቆየ ነው። ነገሩ የገባኝ በሳምንቱ ነው፣ ሴቶ ከተማ ሄጄ የአይቺ ግዛት የሴራሚክ ሙዚየም ያሉትን መሰል ጥንዶች ሳይ። ቀንድ ነበረው!

በድሮው ሥርዓት ጥንዱ ሁለት አንበሳ አይደለም። ፊትህን ወደ መቅደሱ አዙረህ ስትቆም በቀኝህ ያለው፣ አፉን ከፍቶ «አ» የሚለው፣ አንበሳ ነው። በግራህ አፉን ገጥሞ «ኡን» የሚለው ኮማኢኑ ነው፣ «የኮሪያ ውሻ» እንደማለት። ባለ አንድ ቀንድ ነው። ሁለቱ ድምፆች መጀመሪያና መጨረሻ ናቸው። በእኛ ቢሆን አንዱ «ሀ» ሌላው «ፐ» ይል ነበር። በኋላ ዘመን ቀንዱ እየቀረ መጣ፤ የእኔንም ቀንድ የሰበረ ሰው በጄሶ ደፍኖ ተራ አንበሳ አደረገው።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ብነግረው ሳቀ። «ታዲያ አሁን አይሻልም?» አለኝ። እስካሁን ያናድደኛል፣ በተለይ ልክ ስለነበረ።

ሰብሳቢዎች «ስብራት ያለው አትግዛ» ይላሉ። አልስማማም። ስብራቱን የማይደብቅ ግዛ፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከመክፈልህ በፊት ግን የስልክህን ባትሪ አናቱ፣ ጆሮውና ጅራቱ ላይ አብራ። የሸክላው ቅብ ሲያብለጨልጭ ጄሶው ደብዛዛ ነው። ውሃ ደግሞ ጭራሽ አታስነካው፣ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል።

ጄሶውን አልመለስኩትም። ኮማኢኑዬ ከበሩ አጠገብ በግራ በኩል ተቀምጧል። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካው ያቺን ስብራት ነው።