አቢሲኒያን የምትባለው ወርቂትና ወረቀት የሌላት ውሮ

ቅዳሜ ማታ ነው። ጓደኛዬ ከሄደች ሁለት ሰዓት ያህል ሆኗታል። ረከቦቱ ገና አልተነሳም፤ ውሮ ደግሞ እንግዳዋ ተቀምጣበት የነበረውን ወንበር ዙሪያውን አሽትታ ስታበቃ እዚያው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ዛሬ የተነጋገርነውን ሳልረሳው መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ጉዳይ የተናገርኩት አንድ ቃል እስከ ዛሬ ሲቆረቁረኝ ኖሯልና።

ሁለታችንም የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ሁለታችንም ድመት እናሳድጋለን፤ ድመቶቻችን የመጡበት መንገድ ግን ለየቅል ነው። የእርሷ ወርቂት አቢሲኒያን ከሚባለው ዝርያ ስትሆን፣ የተገዛችው ከአርቢ ቤት፣ እስከ አምስተኛ ትውልድ ድረስ የወላጆቿን ስም ከሚዘረዝር ወረቀት ጋር ነው። የእኔ ውሮ ከእንስሳት መጠለያ የወጣች፣ እናቷም አባቷም የማይታወቁ ግራጫ ዥጉርጉር ናት፤ በሕክምና ካርዷ ላይ ዝርያ በሚለው ቦታ «አጭር ጠጉር የቤት ድመት» ተብሎ ተጽፎላታል። የግራ ጆሮዋ ጫፍ በአግድም ተቆርጧል። በዚህ አገር ይህ ምልክት የጎዳና ድመት ተይዛ እንዳትወልድ ቀዶ ሕክምና እንደተደረገላት ከሩቅ የሚያሳውቅ ነው፤ ስለ ውሮ የቀድሞ ሕይወት በእርግጠኝነት የማውቀውም ይህን ብቻ ነው። አምስት ዓመት ሊሆናት ይችላል ያሉኝ ጥርሷን አይተው ነው።

ጓደኛዬ ወርቂትን የመረጠችው በመልኳ አልነበረም፤ የዝርያው ስም ነው ልቧን የያዘው። ባዕድ አገር ሃያ ዓመት የኖረ ሰው «አቢሲኒያን» የሚል ቃል የድመት ስም ሆኖ ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። «የአገሬ ልጅ ናት» ትላት ነበር፤ ለምናውቃቸው ሁሉ የምታስተዋውቃትም እንዲሁ ነበር። ነገሩን ተከታትዬ ባነበብኩ ጊዜ ግን ታሪኩ እርሷ እንዳሰበችው ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። በ1868 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ እስከ መቅደላ ዘለቀ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ሕይወታቸው አለፈ። በ1874 ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ስለ ድመቶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የአንዲት ድመት ሥዕል ወጣ። ስሟ ዙላ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የአንድ መኮንን ባለቤት ከአቢሲኒያ ይዛት እንደመጣችም ተጻፈላት። ዝርያው ስሙን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ዙላ ግን ለዛሬዎቹ አቢሲኒያኖች ቅድመ አያት መሆኗን የሚያረጋግጥ መዝገብ የለም፤ የዘረመል ጥናቶችም የዝርያውን ምንጭ ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎችና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጋር ያያይዙታል።

ይህን በነገርኳት ቀን ጓደኛዬ አዘነች፤ እኔም እርሷን ለማሳዘን ብዬ እንዳልነገርኳት ዛሬ መማል አልችልም። የዚያኑ ጊዜ ልጨምርላት ይገባኝ የነበረውን ነገር የነገርኳት ዛሬ ነው። በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት እንዳሳየው፣ የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የተገኙት ዛሬም በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖር አንድ የዱር ድመት ወገን ነው። ይህ የዱር ድመት በአገራችንም ይኖራል። እንግዲህ ወረቀት ያላትም የሌላትም፣ ሩቅ ቢሄዱ የሚገናኙት እዚያው ሠፈር ነው።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ቤት ድመት በገንዘብ ሲገዛ አይቼ አላውቅም። ግልገል ከጎረቤት ተለምኖ፣ የመመለሻውን መንገድ እንዳይለይ በከረጢት ተደርጎ ይመጣ ነበር። ስለ ዝርያ የሚጠይቅ ባይኖርም እናቴ ሳትጠይቅ የማታልፈው አንድ ነገር ግን ነበራት፦ «እናቲቱ አይጥ ትይዛለች ወይ?» ዛሬ ሳስበው ይህም የዘር ሐረግ መጠየቅ ነው፤ ልዩነቱ በወረቀት ሳይሆን በቃል መሆኑ ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚለውን አባባል የምትጠቅሰው ለሰው ብቻ አልነበረም። በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ወደ 5,700 በሚጠጉ ድመቶች ላይ ባወጡት ጥናትም፣ ፍርሃትን፣ ሰው መቅረብንና እንቅስቃሴ መውደድን የመሰሉ ጠባዮች በከፊል ከዘር የሚወረሱ ሆነው ተገኝተዋል። በመሆኑም ጓደኛዬ «ንቁና ተጫዋች ድመት ስፈልግ ይህን ዝርያ መምረጤ በምክንያት ነው» ስትለኝ ያለችው ትክክል ነው። ወርቂት በስድስት ዓመቷ ዛሬም መደርደሪያ ለመደርደሪያ ትዘላለች። ውሮ ወደ ቤቴ ስትመጣ ምን ዓይነት ጠባይ ይዛ እንደመጣች ግን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋዬ ሥር አልወጣችም።

አሁን ወደዚያ ቃል ልምጣ። ወርቂት ሦስተኛ ዓመቷን ስታልፍ ምሽት ላይ ከበር ጠርዝ ጋር መጋጨት ጀመረች። የዓይኗ ብሌን በብርሃን እንኳ ሰፍቶ ይታይ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ቀስ በቀስ የሚጠፋበት፣ በአቢሲኒያኖች ዘንድ የታወቀ የዘር በሽታ እንደሆነ ነገራት። ሕመም የለውም፤ መድኃኒትም የለውም። የሚወረሰው የተበላሸው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው፤ ይህም ማለት ጤነኛ መስለው የሚታዩ ሁለት ወላጆች የታመመ ግልገል ሊወልዱ ይችላሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ችግሩ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል መሆኑ ነው። በ2007 ከድመቶች ሁሉ መጀመሪያ ዘረመሏ የተነበበላት ሲናሞን የተባለች በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነበረች አቢሲኒያን ናት፤ በዚያው ዓመትም ለዚህ ዓይነ ስውርነት ምክንያት የሆነው የዘረመል ለውጥ ታውቆ በምርመራ የሚለይ ሆኗል። ወርቂትን የሸጠው አርቢ ይህን ምርመራ አላስደረገም ነበር። ጓደኛዬም አልጠየቀችም፤ መጠየቅ እንዳለባት የነገራት ሰው አልነበረምና።

ይህንን ሁሉ እያለቀሰች ስትነግረኝ እኔ የመለስኩላት «ያን ሁሉ ዶላር ከፍለሽ በሽታ ገዛሽ» ብዬ ነበር። ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ስለ ወርቂት አንድም ነገር አልነገረችኝም።

በዚያን ጊዜ ከጎኔ የቆመ ማስረጃ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። የለንደኑ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት በእንግሊዝ የሞቱ ወደ 4,000 የሚጠጉ ድመቶችን መዝገብ መርምረው፣ የክልሶቹ መካከለኛ ዕድሜ 14 ዓመት፣ የተመዘገበ ዝርያ ያላቸው ደግሞ 12.5 ዓመት ሆኖ አግኝተውታል። አቢሲኒያን 10 ዓመት፣ ቤንጋል 7.3 ዓመት ብቻ። እነዚህን ቁጥሮች በቃሌ ይዤ በየቡናው እጠቅሳቸው ነበር። ከዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ የማልጠቅሰው አንድ መስመር ነበር፦ በርማን የተባለው ዝርያ 16.1 ዓመት ይኖራል፤ የሲያምና የፐርሺያ ድመቶችም ከክልሶቹ አይተናነሱም። ዝርያ የሚባለው ነገር አንድ ወጥ እንዳልሆነ ቁጥሩ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን የምፈልገውን ብቻ ወሰድኩ።

ባለፈው የካቲት ውሮን ለክትባት ስወስዳት ሐኪሟ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ከተለመደው በላይ አቆየችው። የልብ አልትራሳውንድ ተደረገላት፤ የልቧ ጡንቻ ወፍሯል። ይህ በድመቶች ዘንድ ከሁሉ የበዛው የልብ ሕመም ነው። እኔ በሜይን ኩንና በራግዶል ዝርያዎች ብቻ የሚገኝ አድርጌ አስበው ነበር፤ እውነት ነው፣ በእነዚያ ለበሽታው የሚያጋልጠው ዘረመል በ2005 እና በ2007 ታውቋል። ነገር ግን እንግሊዝ ውስጥ ባሉ የድመት መጠለያዎች ጤነኛ መስለው ይታዩ የነበሩ 780 ድመቶች ሲመረመሩ ከመቶ 14.7 ያህሉ ይህ የልብ ሕመም ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም እንደ ውሮ ወረቀት የሌላቸው ነበሩ። ለወርቂት በሽታ ቢያንስ ስሙም ምርመራውም አለ። ለውሮ የሚሆን የዘረመል ምርመራ ግን የለም፤ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም፤ እኅቶች ቢኖሯትም ማስጠንቀቅ አልችልም።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ የደም መርጋትን ለመከላከል ለሰው ከሚታዘዘው የክሎፒዶግሬል ክኒን ሩቡን ቆርሼ ባዶ እንክብል ውስጥ ከትቼ እሰጣታለሁ፤ በጣም መራራ በመሆኑ ያለ እንክብል ከቀመሰችው አረፋ ትደፍቃለች። ስትተኛም አተነፋፈሷን እቆጥራለሁ፤ በደቂቃ ከሠላሳ እንዳያልፍ ተነግሮኛል። አሁን ይህን እየጻፍኩ ሃያ ሁለት ቆጥሬላታለሁ።

ስለዚህ ሁሉ ማወቄ በአርቢዎች ላይ ያለኝን አቋም ሙሉ በሙሉ አላለሰለሰውም። የጓደኛዬ የእኅት ልጅ ስኮቲሽ ፎልድ የተባለውን፣ ጆሮው ወደ ፊት የታጠፈ የድመት ዝርያ ለመግዛት እንደምትፈልግ ዛሬ ስሰማ በግልጽ ተቃውሜአለሁ። ጆሮውን የሚያጥፈው ያው የዘረመል ለውጥ በመላ አካላቱ ያለውን ልም አጥንት የሚያበላሽ ነው፤ ብዙዎቹ ጭራቸውና ቁርጭምጭሚታቸው እየደነደነ በሕመም ይኖራሉ። የመጀመሪያዋ በ1961 በስኮትላንድ አንድ እርሻ ላይ ከተገኘች ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ የእንግሊዝ የድመት ምዝገባ አካል ዝርያውን መመዝገብ ያቆመው ያለ ነገር አይደለም። መልኩና ሕመሙ አንድ ሥር ካላቸው፣ ያንን መልክ አርብቶ መሸጥ ልክ ነው ብዬ አላምንም። የፐርሺያ ድመቶች ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ በአንድ ወቅት ከመቶ 38 ያህሉ የኩላሊት በሽታውን የሚያመጣ ዘረመል ተሸካሚ ነበሩ ቢባልም፣ ከ2004 ጀምሮ ምርመራ ስላለ ለሙያው የሚጨነቅ አርቢ ሊያስቀረው ይችላል። እኔ ግን ዛሬም ድመት ብፈልግ የምሄደው ወደ መጠለያ ነው። የምሄደው ከሌሎቹ ይልቅ ጤነኛ ናቸው ብዬ አይደለም፤ ከፍርግርጉ ጀርባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው የተቀመጡትን ትልልቅ ድመቶች አንድ ጊዜ አይቻቸዋለሁና።

ዛሬ፣ ሁለተኛውን ቡና ከቀዳሁ በኋላ፣ ያንን ቃል አነሳሁባት። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ረስቼዋለሁ» አላለችም። «እህቴ፣ በጣም ጎድቶኝ ነበር» አለችኝ፤ ትንሽ ቆይታም «ውሮስ ክኒኗን እንዴት ትውጥልሻለች?» ብላ ጠየቀችኝ። እንክብሉን አሳየኋት።

ለገና እናቷን ለማየት አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ አምስት ሳምንት ትቆያለች። ወርቂትን እኔ ጋ እንድትተው ጠየቅኋት፤ እሺ አለች። መኝታ ቤቱን ለወርቂት አዘጋጃለሁ፤ ዓይነ ስውር ድመት የቤቱን ቅርጽ በጢሟና በእርምጃዋ ስለምትይዘው፣ አንዴ ያስቀመጥኩትን ዕቃ ከቦታው ማንቀሳቀስ የለብኝም። ሁለቱ ፊት ለፊት ከመገናኘታቸው በፊት በጠረን እንዲተዋወቁ ወርቂት የምትተኛበትን ፎጣ ይዛልኝ መጥታ ነበር። ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ዘርግቼዋለሁ። ውሮ አሁን ነቅታ ወርዳለች፤ አንገቷን አስግጋ፣ አንድ እግሯን ከመሬት እንዳነሳች፣ ጫፉን እያሸተተች ነው።