ማን ነው የያዛት?

ዛሬ ቫንኩቨር በሚገኘው ትራይምፍ ላቦራቶሪ አስጎብኚያችን አንዲት የወረቀት አግራፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና «እስኪ አቁማት» አለችኝ። አቆምኳት። እጄን ሳዘነብል እንኳ አልወደቀችም። አጠገቤ የነበረች ትንሽ ልጅ «ማን ነው የያዛት?» አለች።

የያዛት ከእግራችን ስር፣ ከኮንክሪት ብሎኮቹ በታች ያለው ሳይክሎትሮን ነው፤ ከአቶም ያነሱ ወይም አቶም የሚያህሉ ቅንጣቶችን በትልቅ ማግኔት እያዞረ የሚያፈጥን ማሽን። ማግኔቱ 4,000 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ወርዱ 18 ሜትር ነው። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል።

በጣም የገረመኝ ቅንጣቶቹ የሚወጡበት መንገድ ነው። የሃይድሮጅን አቶም አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ይዞ ይገባል። እየዞረ የብርሃንን ፍጥነት ሦስት አራተኛ ይደርሳል። ከዚያ በስስ የካርቦን ገለፈት ውስጥ ሲያልፍ ሁለቱም ኤሌክትሮኖቹ ይገፈፉና ፕሮቶኑ ብቻውን ይቀራል። ኔጌቲቭ የነበረው ፖዘቲቭ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ያው ማግኔት ወደ ተቃራኒው አጥፎ ያስወጣዋል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ፕሮቶኖቹ ኢላማ ሲመቱ ብዙም የማይቆዩ ብርቅዬ አይሶቶፖች (የአንድ ንጥረ ነገር በኒውትሮን ብዛት የሚለያዩ ዓይነቶች) ይፈጠራሉ። ተመራማሪዎቹ በእነሱ አማካኝነት ከባባድ ንጥረ ነገሮች በከዋክብት ውስጥ እንዴት እንደተሠሩ ያጠናሉ። በዚሁ ማሽን የዓይን ካንሰር ሕሙማንም ለዓመታት ታክመውበታል።

እኔ አገር ቤት ማግኔቲዝምን የተማርኩት በጠመኔ ብቻ ነው። የልጅቷን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ በየክፍሉ አለ፤ የሚያየው ነገር ነው ያጣው። መምህራን ወዳጆቼ፣ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔትና ጥቂት ሚስማር ይበቃል። እባካችሁ ይዛችሁ ግቡ።