«በገዛ ፈቃዱ ለቋል»

ነገሩ የገጠመኝ በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ የሰው ሀብት ሠራተኛ ነበርኩ። ሰው ሀብት ስል ትልቅ ቢሮ እንዳይመስላችሁ። አንድ ጠረጴዛና ሦስት የብረት ቁም ሳጥን ነው። የአንደኛው በር አይገጥምም፤ በሲባጎ ነበር የምናስረው። መቅጠሩም፣ ማሰናበቱም፣ ደብዳቤ መጻፉም የእኔ ሥራ ነበር።

አንድ አሜሪካዊ ጡረተኛ በኢሜይል ጻፈልን። ሦስት ወር በነፃ እንግሊዝኛ ላስተምር ይላል። ደስ አለን። ፈረንጅ መምህር መጣ ከተባለ የወላጅ ሰልፍ በማግስቱ እንደሚረዝም እናውቃለን። ቀዝቀዝ ያሉት ርዕሰ መምህሯ ብቻ ነበሩ። እትዬ ነው የምንላቸው። «ከአገሩ ፖሊስ ማስረጃ ያምጣ» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። ግን አልጠየቅሁትም። በነፃ ላገልግላችሁ ያለን ሰው፣ ያውም በአባቴ ዕድሜ ያለ፣ ከወንጀል ነፃ መሆንህን አሳየኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።

እሑድ ማታ ከተማ ገብቶ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ከች አለ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር፣ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ መምጣቱ ነው። ጉልበቱን ያሻሻል። ለጥበቃው ሳይቀር ጎንበስ ብሎ «ጤና ይስጥልኝ» አለ። ወደድነው። ቡና ይቆላ ተባለ።

ፓስፖርቱን ለመዝገብ ቤቷ ልጅ ሰጠኋት። «ፎቶ ያለበትን ገጽ ኮፒ አድርገሽ መልሽለት» አልኳት። ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው። አልሰማችኝ ይሁን ፈርታ፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን ገለበጠችው። ሒሳብ ሹሙ «የቀለሙን ዋጋ ታውቂዋለሽ?» ብሎ ሲጮህባት ይሰማኛል። ትንሽ ቆይታ የመጨረሻውን ወረቀት ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ማይነር ማለት ቀላል ማለት አይደል? ቀላል ጥፋት ነበረበት ማለት ነው?»

ወረቀቱ ገና ከማሽኑ መውጣቱ ነው፤ ይሞቃል። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋለች። ማይነር እዚያ ላይ ቀላል ማለት አልነበረም። ልጅ ማለት ነው። የፓስፖርቱ ባለቤት ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ የወሲብ ወንጀል ፈጽሞ እንደተፈረደበት ይናገራል። ከሥሩ የሕግ ቁጥር አለ። ሦስቴ አነበብኩት። እንግሊዝኛዬን ተጠራጠርኩ እንጂ ሰውዬውን መጠርጠር አቃተኝ።

እትዬ ቢሯቸው አስገቡት። እኔ አስተረጉማለሁ። አልካደም። የቆየ ነገር ነው፣ እስሬን ጨርሻለሁ አለ። በአገሩ በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎች በሚያዙበት መዝገብ ላይ ስሙ እንዳለ፣ በየ6 ወሩ በአካል እየቀረበ እንደሚፈርም፣ ከመነሳቱ 21 ቀን በፊትም ወዴት እንደሚሄድ እንዳሳወቀ ነገረን። የወጣሁት በሕግ ነው አለ። እውነቱን ነው። ያ ጽሑፍ ጉዞ አይከለክልም።

«ታዲያ ለእኛ ለምን አልነገሩንም?» አሉት እትዬ።

«አልጠየቃችሁኝም።»

ተረጎምኩት። እትዬ ግን እሱን ሳይሆን እኔን ነው ያዩት።

በዚህ መሀል ልጅቷ አቦሉን ይዛ ገባች። ምንም አታውቅም። ስኳር ስንት ላድርግ ብላ በእጇ ጠየቀችው። ሁለት አላት። ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ቦርሳውን አነሳ። ማንም አልጮኸም። እትዬ ግን ገና ከግቢው ሳይወጣ ለከተማው ፖሊስ ደወሉ። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ ሲባል ሰማን።

የዚያን ሳምንት ማታ ማታ ስለዚህ መዝገብ ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ውስጥ ካሊፎርኒያ ቀድማ የጀመረችው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ክልሎች ሁሉ እንዲይዙት የሚገፋው የፌዴራል ሕግ በ1994 ወጣ። በዚያው ዓመት ኒው ጀርሲ ውስጥ ሜጋን የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ተገደለች። ገዳዩ ከቤታቸው ፊት ለፊት የሚኖር ጎረቤት ነበር፤ በልጆች ላይ በፈጸመው ወንጀል ቀድሞ ተፈርዶበት የወጣ። ወላጆቿ አያውቁም። በ1996 መረጃው ለሕዝብ እንዲገለጥ የሚያዘው ሕግ በስሟ ተጠራ። በ2006 የወጣው ደግሞ ሰዎቹን በሦስት እርከን ከፈላቸው፤ አንዱ 15 ዓመት፣ ሌላው 25 ዓመት፣ ሦስተኛው ዕድሜ ልኩን ይመዘገባል። ቤት ወይም ሥራ ከቀየረ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያሳውቃል። ፓስፖርት ላይ ያ ዓረፍተ ነገር እንዲጻፍ ያዘዘው በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ነው። ኬንያም በ2006 ባወጣችው ሕግ የተፈረደባቸው ሰዎች መዝገብ እንዲያዝ ደንግጋለች።

ሁሉም ነገር ግን አልጣመኝም። ማያሚ ውስጥ ከትምህርት ቤት አጠገብ እንዳይኖሩ የተከለከሉ ሰዎች፣ የሚከራዩት ቤት አጥተው ድልድይ ስር ሰፍረው ነበር። ሰውን ድልድይ ስር መክተት ልጅን እንዴት እንደሚጠብቅ አይገባኝም። ቤት የሌለውን ሰው የት ሄደህ ታገኘዋለህ?

ይህን ሁሉ ለእትዬ ነገርኳቸው። አዋቂ መምሰሌ ነው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ለፈረንጁ መጨረሻ ገጹን አነበብን። ለእኛዎቹስ? ቁም ሳጥኑን ክፈት» አሉኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብን። እያንዳንዱን የግል ማኅደር አወጣን። ዲግሪ አለ። ፎቶግራፍ አለ። ዋስ አለ። የሥራ ልምድ አለ። የጣት አሻራ ሰጥተው የፖሊስ ማስረጃ ያመጡት ግን ሒሳብ ሹሙ፣ ገንዘብ ያዧና ሁለቱ ጥበቃዎች ብቻ ናቸው። መምህራኑን ጠይቀናቸው አናውቅም። ለብሩና ለወንበሩ አሻራ ጠይቀን፣ ለልጆቹ በዲግሪ አልፈናል። እትዬ በማግስቱ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ከእሳቸው ጀምሮ ሁሉም ሰው አሻራ ይሰጣል። ያጉረመረመ ነበር። እሳቸው ቀድመው ሄደው ሰጡና አፉን አስያዙት።

በሦስተኛው ቀን ሲባጎውን ፈትቼ የለቀቁ ሠራተኞችን ማኅደር ሳገላብጥ የደብዳቤ ቀሪ አገኘሁ። ቀኑ ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ እትዬ ገና አልመጡም። «በገዛ ፈቃዱ ለቋል። በነበረው ቆይታ ላሳየው መልካም ሥነ ምግባር እናመሰግናለን።» ግርጌው ላይ የእኔ ስም መነሻ ፊደሎች አሉ። የተየብኩት እኔ ነኝ።

ሰውየውን አስታወስኩት። መምህር ነበር። አንድ ቀን የአንዲት የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት ከገጠር መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግቢው ውስጥ ቆመች። ምን ተባለ? «ልጅ ነካ።» ሌላው ደግሞ «ትንሽ ነገር ነበረች» አለ። እንዲህ ነው የሚወራው፤ ነገሩን በስሙ የሚጠራ የለም። ሽማግሌ ተቀመጠ። ካሳ ተቆረጠ፣ ይቅር ለእግዜር ተባለ። የቀድሞው ኃላፊ «ጥሩ ደብዳቤ ጻፍለትና ይሂድ» አለኝ። ጻፍኩለት። የትምህርት ቤቱን ስም አዳንኩ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

በሕጉ እንዲህ ያለ ነገር በሽማግሌ አያልቅም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627 ዕድሜው 13 ዓመት ካልሞላ ልጅ ጋር ለሚፈጸም የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀምጣል። ዓቃቤ ሕግም ቤተሰብ እስኪያመለክት አይጠብቅም። ፍርድ ቤት ከእስሩ ሌላ በሙያው እንዳይሠራ፣ የአሳዳጊነት መብትም እንዳይኖረው ሊከለክለው ይችላል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ከፍርድ በኋላ ነው። የአሜሪካኖቹም መዝገብ የሚጀምረው ከዚያው ነው። የእኛ ሰውዬ ጣቢያ ደርሶ አያውቅም። አሻራ ቢሰጥ ንጹሕ ነው። ንጹሕ ያደረጉት ደግሞ ሽማግሌዎቹና የእኔ ደብዳቤ ናቸው።

ቀሪውን ለእትዬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ፊደሎቹ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ። ምንም አላሉኝም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ደብዳቤው የተላከው ወደ ምዕራብ ጎጃም፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ነበር። ቁጥሩን አፈላልጌ ደወልኩ። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው። እንደ አገራችን ደንብ እንዴት ሰነበታችሁ፣ እህሉ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው ተባባልን። ሰላምታው እንዳያልቅ እየተመኘሁ ነበር። አለቀ። የመምህሩን ስም ጠራሁ።

«ኧረ እሱማ ሸጋ ሰው ነው!» አሉኝ። «ልጅ ይወዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይቀር እየመጣ ያስጠናቸዋል። ደግሞስ ያ ደብዳቤያችሁ! ምን ያለ መልካም ደብዳቤ ነበር፣ ወንድምዓለም።»

እትዬ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አባቴ፣» አልኩ፣ «ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ይስሙኝ።»