ከመስኮት እስከ ምሰሶ 34 ጫማ

እማማ የደወሉልኝ ገና በጠዋት ነው። «ልጄ፣ እባክህ ብቅ በልና አንድ ወረቀት አንብብልኝ» አሉኝ።

እማማ ጎረቤቴ ናቸው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ስደርስ ቡናው ተጥዷል፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አንድ የሰፈር ሰው በየበሩ ያደረሰው በራሪ ወረቀት ነው። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢያችን መስተዳድር፣ የሞባይል አንቴናዎች በመኖሪያ ሰፈር የመንገድ ምሰሶዎች ላይ እንዲሰቀሉ ሊፈቅድ ነው ይላል። ለቤት እስከ 30 ጫማ ድረስ መቅረብ ይችላሉ። ዘጠኝ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

አነበብኩላቸው። እማማ ምንም ሳይሉ ተነሱና የጎን ክፍሉን መጋረጃ ገለጥ አደረጉ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የመንገድ መብራት ምሰሶ ቆሟል። ክፍሉ የልጅ ልጃቸው መኝታ ቤት ነው።

«ያ ነው?» አሉኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።

ይህን አሁን የምጽፈው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። «ሰፈራችን ታወር እንዳይተከል ምን እናድርግ?» ይሉኛል። ሰው በትክክል ተቆጥቶ፣ ሥራ አስፈቅዶ፣ ልጅ አስጠብቆ ሂሪንግ (የካውንቲው ምክር ቤት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ) ይሄዳል። ከዚያ ምክር ቤቱ በሕግ ሊወስንበት በማይችለው ነገር ለመናገር የተሰጠውን ሦስት ደቂቃ ጨርሶ ይመለሳል። ይህ በጣም ያናድደኛል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ካውንቲያችን፣ ሞንትጎመሪ፣ በ2018 እነዚህን ትንንሽ አንቴናዎች በንግድ አካባቢዎች ፈቀደ። በዚያው ዓመት ወደ መኖሪያ ሰፈር ለማስገባት የቀረበው ሐሳብ ግን ሳያልፍ ቀረ። በ2019 እንደገና ቀረበ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ጭቅጭቅ ነበር። ቀድሞ በመኖሪያ ሰፈር ታወር ከቤት 300 ጫማ ይራቅ የሚል መነሻ ደንብ ስለነበረ «ከ300 ወደ 30 አወረዳችሁን» ያለው ሰው ብዙ ነው። በመጨረሻ ሐምሌ 2021 ላይ፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 27፣ ጸደቀ።

የእማማ ነገር የሆነው ከዚያ በፊት ነው፣ ገና ክርክሩ ሞቅ ባለበት ሰሞን።

«ልናገር እፈልጋለሁ» አሉ። «ስንት ደቂቃ ይሰጡኛል?»

«ሦስት። ግን ልጅዎ ስለምትተረጉም የእርስዎ ድርሻ ግማሹ ነው።»

ስልኬን አወጣሁና ሰዓት መቁጠሪያውን ከፈትኩ። እማማ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንደምን አመሻችሁ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ እናንተንም ቤተሰባችሁንም እግዚአብሔር ይባርክ፣ እኛን ስደተኞቹን ተቀብላችሁ ለዚህ ወግ ስላበቃችሁን...» አርባ ሰከንድ ሄደ። ሰላምታውን ያሳጥሩ ብዬ ለመናገር አልደፈርኩም። እሳቸው ራሳቸው ሰዓቱን አዩና «ፈጣሪ ይባርካችሁ ብዬ ብቻ ልለፈው» አሉ። ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳያቸው ገቡ።

«ይህ ነገር ጨረር አለው። የልጅ ልጄ ገና ስድስት ዓመቱ ነው። ሌት ተቀን ራስጌው ላይ እየሠራ እኔ እንዴት ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል?»

እኔ ሰዓቱን አቆምኩት። ከዚህ በኋላ ያልኩትን ስል ከብዶኛል፣ አሁንም ሳስበው ይከብደኛል። «እማማ፣ ይህን መናገር ይችላሉ፣ ማንም አይከለክልዎትም። ግን የምክር ቤቱ አባላት በዚህ ምክንያት እምቢ ማለት አይችሉም። ሕግ ይዟቸዋል።»

ዝም ብለው አዩኝ። «ታዲያ ምን ልበላቸው?»

ሕጉ ይህ ነው። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አለ። ለከተሞችና ለካውንቲዎች አንቴና የት ይተከል የሚለውን የመወሰን ሥልጣን ይተውላቸዋል። ግን ብዙ ገመድ አስሮበታል። አንዱን ኩባንያ ከሌላው ማበላለጥ አይችሉም። አገልግሎቱን ጭራሽ የሚያግድ ደንብ ማውጣት አይችሉም። ማመልከቻን ይዘው መጎተት አይችሉም። እምቢ ካሉ ደግሞ በጽሑፍ፣ በቂ ማስረጃ ይዘው መሆን አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ግን የጨረሩ ነው። አንቴናው ኤፍሲሲ ያወጣውን የጨረር ገደብ እስካላለፈ ድረስ፣ ጨረሩ ያመጣል በሚባል ጉዳት ምክንያት ማንም የአካባቢ መስተዳድር ሊከለክል አይችልም። ኤፍሲሲ ማለት የአገሪቱን የስልክና የሬዲዮ ጉዳይ የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ገደቡን ራሱ ያወጣው በዚያው በ1996 ነው።

በ2018 ኤፍሲሲ ሌላ ትእዛዝ ጨመረ። ለትንንሾቹ አንቴናዎች ካውንቲው፣ ቀድሞ በቆመ ምሰሶ ላይ ከሆነ በ60 ቀን፣ አዲስ ምሰሶ ከሆነ በ90 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በመንገድ ዳር ላለ ለአንድ አንቴና በዓመት 270 ዶላር ምክንያታዊ ክፍያ ተብሎ ይገመታል ብሎም ወሰነ። ይህን ስታዩ ምክር ቤቱ ደንብ ለማውጣት ለምን እንደተጣደፈ ይገባችኋል። የራሱ ደንብ ከሌለው ኩባንያው የፌዴራሉን ይዞ ይመጣበታል።

አንድ ነገር ግን ልመስክርለት። ካውንቲያችን ዝም ብሎ እጁን አልሰጠም። «የጨረሩ ገደብ አርጅቷል፣ መጀመሪያ እሱን ፈትሹ» ብሎ ኤፍሲሲን ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። በ2020 ዘጠነኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ከፖርትላንድ ከተማ አቤቱታ ጋር አንድ ላይ አየው። የካውንቲውን አቤቱታ ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም ኤፍሲሲ እስከዚያ ድረስ «ፈትሼዋለሁ፣ ገደቡ አይለወጥም» ብሎ መዝገቡን ዘግቶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ? ምክር ቤቱ ደንቡን ባጸደቀ በሁለት ሳምንት ከምናምን ቀኑ፣ ኦገስት 13፣ 2021፣ የዋሽንግተን ዲሲው ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ኤፍሲሲን «ገደቡን ለምን እንዳልለወጥክ በቂ ምክንያት አልሰጠህም» አለው። ልጆችን በተመለከተ፣ ለረጅም ጊዜ መጋለጥን በተመለከተ፣ አካባቢን በተመለከተ የቀረበልህን አስተያየት በአግባቡ አልመለስክም ብሎ መለሰለት። ልብ በሉ፣ ፍርድ ቤቱ አንቴና ይጎዳል አላለም። መልስ ስጥ ነው ያለው። እማማ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው የጠየቁት ይህንኑ ነው።

እኔ በጨረሩ ጉዳይ የማምነውን በግልጽ ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 ይህን ዓይነቱን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህ ምድብ ማስረጃው ውስን ነው የሚባልበት ነው። ከምሰሶ የሚመጣው ሞገድ ደግሞ ርቀት በጨመረ ቁጥር በፍጥነት ይደክማል። ጆሯችን ላይ ለጥፈን የምናወራበት ስልክ ይብስብናል። ኔትወርክ ሲርቅ ደግሞ ስልኩ ራሱ ጉልበት ጨምሮ ነው የሚልከው። ስለዚህ እኔ ምሰሶው ልጁን ያሳምመዋል ብዬ አልፈራም። ግን አያት ስትጠይቅ «ይህ ጥያቄ እዚህ አይጠየቅም» የሚል ሕግ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ሰው ፍርሃቱን ካልመለሱለት ፍርሃቱ አይጠፋም፣ ወደ ዋትስአፕና ወደ ቴሌግራም ነው የሚሄደው። እዚያ ደግሞ ማን ምን እንደሚመልስለት ታውቃላችሁ።

ኔትወርኩንም እፈልገዋለሁ። በሰፈራችን በራይድና በዴሊቨሪ የሚተዳደር ስንት ወንድምና እህት አለ። ስልኩ ከተቋረጠ እንጀራው ተቋረጠ። በኮሮና ጊዜ ቤዝመንት ተከራይተው በሞባይል ኢንተርኔት ትምህርት የተከታተሉ ልጆች አውቃለሁ፤ ቪዲዮው በቆመ ቁጥር ልጁ ደረጃው ላይ ወጥቶ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይይዛል። ያን ሳይ እናቴ ትዝ አለችኝ። አገር ቤት እኔን ለማግኘት ከቤት በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ትወጣ ነበር፣ ኔትወርኩ እዚያ ስለሚሻል። ዝናብ ከሆነ አትደውልም። ስለዚህ «ምንም አንቴና አይተከል» ከሚሉት ጋር መቆም አልችልም። የት ይተከል፣ ማን ይጠየቅ በሚለው ላይ ግን እሟገታለሁ።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» ላሉት እማማ መልስ ለማግኘት ያን ቅዳሜ ወደ ውጭ ወጣን። ርቀቱን እንለካው ተባባልን። ረጅም ሜትር የለም። እማማ የልብስ ስፌት ሜትራቸውን ይዘው መጡ፣ ያ ቢጫው፣ 150 ሳንቲሜትር የሆነው። እሳቸው ከመስኮቱ ግድግዳ ሥር ጫፉን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙ፣ እኔ ሣሩ ላይ ዘረጋሁት። ባበቃበት ላይ ልጁ ጠጠር ያስቀምጣል፣ እንደገና ከጠጠሩ እንጀምራለን። ሰባት ጊዜ። በሰባተኛው ሜትሩ አሥር ሳንቲሜትር ተረፈው። አሥር ሜትር ከአርባ። 34 ጫማ።

ከዚያ ዞር ዞር አልን። መንገዱ ጥግ ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ሌላ ምሰሶ አለ። ምንም መስኮት አያየውም። ከየትኛውም ቤት በጣም ይርቃል።

«በቃ አገኘሁት» አሉ እማማ።

እንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው የሚጠቅመው፣ ምክንያቱም ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ሮዝዌል የምትባል ከተማ ይህን በሽንፈት ነው የተማረችው። አንድ ኩባንያ ጥድ የሚመስል 108 ጫማ ታወር ለመትከል ጠየቀ። ነዋሪው ተቃወመ፣ ምክር ቤቱም ከለከለ። ግን የክልከላው ደብዳቤ ምክንያቱን አልያዘም ነበር፤ ምክንያቱ ያለበት ቃለ ጉባኤ የወጣው ከ26 ቀን በኋላ ነው። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ከተማዋ ጥፋተኛ ናት አለ፣ ምክንያቱ ከክልከላው ጋር አብሮ መውጣት ነበረበት ብሎ። የነዋሪው ድካም በወረቀት አያያዝ ገደል ገባ። ስለዚህ ሂሪንግ ስትሄዱ ለምክር ቤቱ ሊጽፈው የሚችለውን ነገር ስጡት። ርቀት ስጡት። ፎቶ ስጡት። የተሻለ ቦታ አሳዩት። ምሰሶው የእግረኛውን መንገድ ያጠባል ወይ፣ ዊልቸር ያሳልፋል ወይ፣ ከዛፉና ከቤቶቹ ጋር ይሄዳል ወይ። መልክና ቁመና ላይ ካውንቲው ያለው ሥልጣን ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ቅድም ያልኩት የ2020 ፍርድ የኤፍሲሲን የ2018 ትእዛዝ አብዛኛውን ቢያጸናም፣ የአካባቢ መስተዳድሮችን በመልክ ጉዳይ በጣም የሚያጠብቀውን ክፍል ሰርዞታል።

ይህን ሁሉ ግን ማን ነገረን? ማንም። በራሪው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፣ የሚያወራውም ስለ ጨረር ብቻ ነበር። ካውንቲያችን ስንት ነገር በአማርኛ ያወጣል፤ የክትባቱ አለ፣ የትምህርት ቤቱ አለ። እኔ የምጠይቀው አንድ ገጽ ነው። ምክር ቤቱ ምን መወሰን ይችላል፣ ምን አይችልም፣ የእናንተ አስተያየት የት ላይ ይጠቅማል። ይህ አንድ ገጽ ከሂሪንጉ በፊት በየቤቱ ቢደርስ ሰው አይንገላታም፣ ምክር ቤቱም ይጠቀማል። አሁን ደንቡ ጸድቆም ቢሆን ይህ ገጽ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው የሚመጣው በየምሰሶው ነው። የካውንቲው የታወር ኮሚቴ እነዚህን ማመልከቻዎች ይመረምራል፣ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው።

እማማ ተናገሩ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ፈጣሪ ይባርካችሁ አሉ፣ አለፉት። የልጅ ልጃቸውን ዕድሜ ተናገሩ፣ እንደሚፈሩም ተናገሩ፤ ያንን አስቀሩት ልላቸው አልፈለግሁም፣ እሳቸውም አላስቀሩትም። ከዚያ «ከልጁ መስኮት እስከ ምሰሶው 34 ጫማ ነው፣ በእጄ ለክቼዋለሁ» አሉ። ስለ ጥጉ ምሰሶ ተናገሩ፣ ፎቶውንም ሰጡ። ልጃቸው ተርጉማ ስትጨርስ ከፊት የተቀመጠ አንድ ሰው ቁጥሩን ድገሚልኝ አላት። ደገመችለት፣ ጻፈው።

እስካሁን እዚያ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ነገር የለም። በእሳቸው ንግግር ነው ማለት አልችልም።

ደብዳቤ የደረሳችሁ ወይም ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ያያችሁ ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ሜትር ከሌላችሁ የእማማን እንዋሳለን። ሦስቱን ደቂቃ አብረን እንለማመደዋለን።